ሐኪሞች አንድነት ሲያነቡ

ሐኪም ሲባል በዓይነ ኅሊናችን የሚታየን ነጭ ጋዋንና የልብ ማዳመጫ ነው። መጽሐፍ ይዞ ከባልንጀሮቹ ጋራ የሚከራከር ሐኪም ግን እምብዛም አይታሰበንም። ዳሩ ግን ልማዱ የቆየ ነው።

በሞንትሪያል ከተማ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ካናዳዊው ዶክተር ዊልያም ኦስለር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1875 ዓ. ም. የሕክምና መጽሔቶች የሚነበቡበት ማኅበር አቋቋመ። ምክንያቱ ቀላል ነበር። መጽሔቶቹን ብቻውን ለመግዛት አቅሙ አልፈቀደለትም፤ እንደ ዕቁብ በማኅበር ሲሆን ግን ተገኙ። ይኸው ሰው በ1904 ባሳተመው «ኤኳኒሚታስ» በተባለው መጽሐፉ፥ የሕክምና ተማሪዎች ከመተኛታቸው በፊት ግማሽ ሰዓት እንዲያነቡ መክሯል። ከመረጠላቸውም መካከል መጽሐፍ ቅዱስ፥ ሼክስፒርና ፕሉታርክ ይገኙበታል።

ታዲያ ማንበብ ብቻውን ይበቃልን? ሩሲያዊው ደራሲ አንቶን ቼሆቭ በ1884 ከሞስኮ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሐኪም ነበረ። በ1892 ባወጣው «ክፍል ቁጥር 6» በተባለው ታሪኩ ውስጥ ዶክተር ራጊን የደመወዙን እኩሌታ ለመጻሕፍት ያወጣል፤ ማታ ማታም ያነባል። የሚያስተዳድረው ሆስፒታል ግን በቆሻሻ ተውጧል፤ በሽተኞቹን ዘበኛው ይደበድባቸዋል። ራጊን ያነበበውን ፍልስፍና ለስንፍናው ማመካኛ አደረገው። ፊት ለፊት የሞገተው ከዚያው ክፍል የተዘጋበት አንድ በሽተኛ ነው። በመጨረሻም ሐኪሙ ራሱ እዚያው ክፍል ተዘግቶበት ሞተ።

የማኅበር ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። በአሜሪካ በሜይን ግዛት በ1997 ሐኪሞች፥ ነርሶችና ሌሎች የሆስፒታል ሠራተኞች ልብ ወለድና ግጥም እያነበቡ የሚወያዩበት ጉባኤ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ግዛቶች ተዛምቷል። በሥራ ላይ ሐኪሙ ያዛል፥ ነርሷ ትፈጽማለች። በመጽሐፉ ዙሪያ ግን ሁለቱም እኩል ይናገራሉ፤ አንዱ ሳያስተውል ያለፈውን የሰው ሥቃይ ሌላው ያሳየዋል። ሐኪም ይህን ከለመደ፥ በማግሥቱ ተኝቶ የሚጠብቀውን ሰው በአልጋው ቁጥር ሳይሆን በስሙ ለመጥራት ይቀርበዋል እንላለን።

ነገሩ ሐኪምን ብቻ አይመለከትም። ባለጉዳዩን በፋይሉ ቁጥር ብቻ የሚያውቅ ወጣት ሹምም ከራጊን ብዙ አይርቅም። ዲፕሎማ የንባብ መዝጊያ አይደለም። አምስት ወይም ስድስት ባልንጀሮች፥ አንድ መጽሐፍ፥ በወር አንድ ማታ፤ ከዚህ የሚረክስ ትምህርት ቤት ከወዴት ይገኛል?