ገበሬ ለገበሬ፦ አቀንጭራን ለብቻ ማጥፋት አይቻልም

በገዳሪፍ አካባቢ ማሽላ የዘራ ወይም በአረም ሥራ የዋለ ሁሉ ሐምራዊ አበባ ያለውን አረም ያውቀዋል። እኛ አቀንጭራ እንለዋለን። ሱዳናውያን ደግሞ «ቡዳ» ይሉታል። ስሙ ለሥራው ይስማማል፤ ሳይታይ ይበላልና።

ጉዳቱ እንዴት ነው?

አቀንጭራ ከማሽላው ሥር ጋር ተጣብቆ ውኃውንና ምግቡን ይመጠምጣል። ከመሬት ብቅ ሲል አብዛኛው ጉዳት ደርሷል። አንዱ ተክል እንደ ዱቄት የደቀቀ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ዘር ይበትናል። ዘሩም በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። ነፋስ፣ ጎርፍና ከብት ከማሳ ወደ ማሳ ያደርሱታል። ስለዚህ እኔ አርሜ ጎረቤቴ ካላረመ ድካሜ ከንቱ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1969 ጀምሮ ኤርትራውያን ስደተኞች በሰፈሩበት በቀላ ኤን ናሃል ይህ ታይቷል። መሬቱ ሳያርፍ ዓመት ከዓመት ማሽላ ሲዘራበት ምርቱ ቀነሰ፤ አረሙም በዛ።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ አቀንጭራውን ዘር ሳይቋጥር ነቅሎ ማቃጠል። ሁለተኛ፣ ማሽላን ከሰሊጥ ጋር ማፈራረቅ። የሰሊጥ ሥር የአቀንጭራን ዘር ያበቅለዋል፤ ግን አይመግበውም፤ በቅሎ ይሞታል። ሦስተኛ፣ ፍግ መጨመር። አራተኛ፣ ከተገኘ አቀንጭራን የሚቋቋም ዘር መዝራት። በሱዳንም የሠሩት የአገራችን ልጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ በዚህ የማሽላ ምርምር በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማት አግኝተዋል።

ለምን ገበሬ ለገበሬ?

እኛ መምህራን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥሩን ስለን ማሳየት እንችላለን። ገበሬ ግን ከተነገረው ይልቅ በጎረቤቱ ማሳ ያየውን ያምናል። ማሳቸው የተዋሰነ አምስት ወይም ስድስት ሰዎች ይሰባሰቡ። የአንዱን ማሳ ለሁለት ከፍለው ግማሹን እንደ ልማዳቸው፣ ግማሹን በአዲሱ ዘዴ ያርሱ። በየሳምንቱ ሄደው አረሙን ይቁጠሩ፤ ይከራከሩ። በአጨዳ ጊዜ ምርቱን ለየብቻ ይስፈሩ። ከዚያ እያንዳንዱ ያየውን ለሌሎች ጎረቤቶቹ ያሳይ። እናቶችም ከዚህ አይቅሩ፤ በማረም ብዙ የሚደክሙት እነርሱ ናቸውና።

መሬት የሌለን ወገኖችም ጉዳዩ ይመለከተናል። ማሽላው ካልሰጠ የአጨዳው የቀን ሥራ ይቀራል፤ የእህሉም ዋጋ ይወደዳል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አቀንጭራም እንዲሁ ነው።