የሞተር ኃይል በግምት ሳይሆን በስሌት ስለ መመረጡ

ውሃን ከቆላ ወደ ደጋ፥ ሸክምንም ከምድር ወደ ፎቅ የሚያወጣ የኤሌክትሪክ ሞተር ኃይሉ በስሌት ሊመረጥ የተገባ ነው። ኃይሉ ያነሰ ሞተር ግሎ ይቃጠላል፤ ከሚገባው በላይ የበዛውም ገንዘብን በከንቱ ይፈጃል። ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት በምዕራብ አዲስ አበባ፥ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፥ ይህ ነገር ለነዋሪው የዕለት ጉዳይ ነው።

ውሃ ከበላይ ሲመጣ ሞተር አያሻውም። ከ1882 እስከ 1906 ዓ.ም. በነገሡት በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ወደ ቤተ መንግሥት በዘረጋው ቧንቧ፥ ውሃው ቁልቁል ወርዶ እንደ ገና ወደ ግቢው ኮረብታ የወጣው ምንጩ ከግቢው ከፍ ያለ ስለ ነበረ ነው። ከኮልፌ በስተምዕራብ ያለው የገፈርሳ ግድብም በከፍታው ምክንያት ይህ ጥቅም አለው። የአቃቂ ጉድጓዶች ውሃ ግን ከከተማው መካከል ዝቅ ካለ ስፍራ ስለሚወጣ በሞተር ተገፍቶ መውጣት ግድ ነው። የቧንቧው ግፊት ደክሞ ወደ ላይኛው ፎቅ በማይደርስበት ሕንፃም ነገሩ እንዲሁ ነው።

የሞተር ኃይል ከሚሰፈርባቸው አንዱ የፈረስ ጉልበት ነው፤ ይኸውም 75 ኪሎ ግራም ክብደትን በአንድ ሴኮንድ አንድ ሜትር ከፍ የሚያደርግ ኃይል ማለት ነው። በሞተሩ ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ኪሎ ዋት ደግሞ 1.36 የፈረስ ጉልበት ይሆናል።

ለምሳሌ በሴኮንድ 10 ሊትር ውሃ 30 ሜትር ከፍ ወዳለ ማጠራቀሚያ ይገፋ ቢባል፥ በቧንቧው ውስጥ ያለው ሰበቃ እንደ 6 ሜትር ተጨማሪ ከፍታ ቢቈጠር፥ ጠቅላላው 36 ሜትር ነው። የአንድ ሊትር ውሃ ክብደት አንድ ኪሎ ግራም ስለ ሆነ 10 በ36 ሲባዛ 360፥ ይህም ለ75 ሲካፈል 4.8 የፈረስ ጉልበት ይወጣል። ነገር ግን ፓምፑ ከተቀበለው ኃይል 65 በመቶውን ብቻ ለውሃው የሚሰጥ ቢሆን፥ የሚያስፈልገው 7.4 የፈረስ ጉልበት፥ ማለት 5.4 ኪሎ ዋት ነው። ባለ 5.5 ኪሎ ዋት ሞተር ትርፍ አቅም ስለማይኖረው ባለ 7.5ቱን መምረጥ ይሻላል።

የሸክም ማንሻም ሥርዓቱ ይኸው ነው። 400 ኪሎ ግራም ዕቃ 100 ኪሎ ግራም ከሚመዝን መያዣ ጋር በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ሲነሣ 3.3 የፈረስ ጉልበት ይፈልጋል፤ ከማርሹና ከገመዱ ሰበቃ የተነሣ 70 በመቶው ብቻ ቢደርስ 4.8 ይሆናል። በፎቅ ሕንፃ ሊፍት ግን የሚመዛዝን ክብደት በሌላው ወገን ስለሚሰቀል ሞተሩ የሚያነሣው ልዩነቱን ብቻ ነው።

ከዚህም ሌላ የአገሩን ጠባይ መመልከት ያስፈልጋል። በተለምዶ የሞተር ኃይል የሚወሰነው ከባሕር ወለል እስከ 1000 ሜትር ላለ ስፍራ ነው፤ አዲስ አበባ ግን በ2400 ሜትር አካባቢ ስለምትገኝ ስስ የሆነው አየር ሞተሩን እንደሚገባ አያቀዘቅዘውም። ከበላዩ የተቀመጠ ፓምፕም ውሃን ከጉድጓድ የሚስበው በአየር ክብደት ረዳትነት ነው፤ ይህም በባሕር ዳርቻ እስከ 10 ሜትር ቢሆን በዚህ ከፍታ ከ8 ሜትር ያንሳል። ከዚያ ለጠለቀ ጉድጓድ ፓምፑን ወደ ውሃው ማውረድ እንጂ የሞተሩን ኃይል ማብዛት ከቶ አይረባም። የመብራቱ ኃይል ደክሞ ቮልቴጁ ወደ 90 በመቶ ቢወርድም፥ የሞተሩ የመጠምዘዝ ጉልበት ወደ 81 በመቶ ይወርዳል።

ስለዚህ የሞተር ግዢን የሚያዝ ባለሥልጣን ከዋጋው አስቀድሞ ሦስት ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ይኸውም ምን ያህል ክብደት፥ ወደ ምን ያህል ከፍታ፥ በምን ያህል ጊዜ የሚል ነው። ይህ በጽሑፍ ሳይቀርብ የሚፈረም ግዢ የሕዝብን ገንዘብ ለዕድል መስጠት ነው፤ ሞተሩ በተቃጠለም ቀን ጀሪካን ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣው ያው ሕዝብ ነው።