ሁለት ጊዜ ከቤቷ የሸሸችው እመቤት

ሌሊት ነው። የቤቱ ጌታ ዘመቻ ላይ ነው። የ23 ዓመቷ ወይዘሮ ገረዶቿን አስከትላ፣ መንገድ ከሚመሯት መነኮሳት ጋር ከግቢዋ ትወጣለች። እስከዚያች ሌሊት ድረስ ከቤቷ ስትወጣ በበቅሎ ነበር፤ ዙሪያዋንም አጃቢ አይጠፋም። አሁን ግን በእግሯ ናት። እንዲህ መጓዝ ያልለመደችው እመቤት በጨለማ ድንጋዩንና እሾሁን እየረገጠች ወደ ጣና ሐይቅ ታመራለች። ትታው የምትሄደው የሞላ ቤት፣ ስመ ጥር ባልና ገና በሕፃንነታቸው የቀበረቻቸውን የሦስት ልጆች ትዝታ ነው።

ሴትዮዋ ወለተ ጴጥሮስ ናት። ጊዜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1615 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) ብዙዎቻችን ስሟን የምናውቀው ቅድስት ተብላ ከምትታሰብበት ከኅዳር 17 ጋር ነው። ሕይወቷ ግን የስደት፣ የእስርና የማምለጥ ታሪክም ነው። ታሪኩን ያቆየልን ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1672 ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ በግዕዝ የጻፈው ገድሏ ነው። መጽሐፉ ስለ አንዲት አፍሪካዊት ሴት ሕይወት ከተጻፉት ጥንታዊ ሙሉ መጻሕፍት አንዱ ነው። ከግዕዙ ወደ ጣሊያንኛ፣ በ2015 ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ዛሬ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ይነበባል።

እኔ ይህን ታሪክ ደጋግሜ እንዳስብበት ያደረገኝ ማምለጧ ብቻ አይደለም። አምልጣ ሳለ መመለሷ ነው።

የትልቅ ሰው ሚስት

ወለተ ጴጥሮስ በ1592 ከመኳንንት ቤተሰብ ተወለደች። አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ ዕበያ ይባላሉ። በዘመኑ ወግ መሠረት ገና በአፍላነቷ ተዳረች። የተዳረችለት መልክአ ክርስቶስ ደግሞ እንዲሁ ተራ መኳንንት አልነበረም፤ የአፄ ሱስንዮስ ዋና አማካሪና የጦር አዝማች ነበር። ሦስት ልጆች ወለዱ፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱ። ልጅ የቀበረች እናት ቤቷ ምንም ቢሞላ ጎዶሎ መሆኑን ለማወቅ ገድል ማንበብ አያስፈልግም።

በዚያ ላይ አገር በሃይማኖት ታወከ። በ1607 የነገሡት አፄ ሱስንዮስ ጀስዊት ከሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት ጋር ተወዳጁ፤ በተለይ ከስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ ጋር። በ1612 በምስጢር የካቶሊክን እምነት ተቀበሉ፤ ሹማምንቶቻቸውም እንዲከተሏቸው ይገፋፉ ጀመር። ከተከተሏቸው አንዱ መልክአ ክርስቶስ ነው። አዋጁ ገና ለሕዝብ ሳይነገር በፊት ጠቡ በአንድ ጣሪያ ሥር ገባ ማለት ነው።

ዛሬ ላለን አንባቢዎች ነገሩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ ሊመስለን ይችላል። ኋላ ላይ ለውጡ በይፋ ሲታወጅ ግን የየቤቱ ጉዳይ ሆነ። ሰው ከአያት ከቅድመ አያቱ የተቀበለው ጾም፣ የሚያከብረው ቅዳሜ፣ የተጠመቀበት ጥምቀት ሳይቀር ዋጋ የለውም ተባለ። ካህናት እንደገና ክህነት እንዲቀበሉ፣ ምእመናን እንደገና እንዲጠመቁ ተጠየቁ። እናት ልጄን ያስጠመቅሁበት ጥምቀት ጥምቀት አይደለም ስትባል ምን እንደሚሰማት መገመት አያዳግትም።

የመጀመሪያው ሽሽት

ባሏ በንጉሡ ትእዛዝ አመፅ ሊያበርድ ሲዘምት ወለተ ጴጥሮስ ጊዜውን ተጠቀመችበት። ጣና ደርሳ ንጽሕናዋን ለመጠበቅ ቃል ገባች፤ ፀጉሯን ተላጨች። ፀጉር የወይዘሮ ክብርና ጌጥ በሆነበት ዘመን ራስን መላጨት ተመልሼ ሚስት አልሆንም ብሎ በአደባባይ እንደ መናገር ነው።

መልክአ ክርስቶስ ግን ጦር ያለው ሰው ነው። ሚስቱን ፍለጋ ወጣ። የተሸሸገችበትን መንደር ደረሰበትና ያጠፋው ጀመር። የሚፈልጋት አንዲት ሴት ናት፤ የሚጎዱት ግን ከነገሩ የሌሉበት ባላገሮች ናቸው።

የቤተ ክርስቲያን አባቶች ወደ ወለተ ጴጥሮስ ሄዱ። በአንቺ ምክንያት ሕዝብ እያለቀ ነውና ተመለሺ አሏት። እሷም ተመለሰች። በእግሯ ሸሽታ ወደወጣችበት፣ ጸጉሯን ተላጭታ ወደካደችው ቤት ገባች።

የማምለጥ ታሪኮች ብዙውን ጊዜ በሩን አልፎ በሄደው ሰው ጀግንነት ያልቃሉ። ከኋላ የቀሩትን ማን ያስታውሳል? ይህ ገድል ግን ያን መንደር አልዘለለውም። አንድ ሰው ሲያመልጥ ሂሳቡን የሚከፍል ሌላ ሰው ሊኖር እንደሚችል በግልጽ ያሳየናል። ወለተ ጴጥሮስም ሂሳቡ በሌላ ሰው ስም እንዲጻፍ አልፈቀደችም። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ድፍረት የማየው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ሽሽት

በ1617 የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የነበሩት አቡነ ስምዖን ከንጉሡ ጋር በተደረገው ጦርነት ተገደሉ። ወለተ ጴጥሮስ በጳጳሱ ግድያ ባሏ እጁ እንዳለበት ሰማች። ከዚያ በኋላ አብሮ መኖር የማይታሰብ ሆነ። በ25 ዓመቷ ለመጨረሻ ጊዜ ከቤቷ ወጣች፤ መነኮሰችም።

በዚህ ጊዜ ብቻዋን አልነበረችም። እኅተ ክርስቶስ ከተባለች ሌላ ወይዘሮ ጋር ተገናኘች። እኅተ ክርስቶስም የመኳንንት ወገን ናት፤ እሷም ባሏን ትታ የወጣች ናት። ባሏን ብቻ ሳይሆን ልጇንም ጭምር። አንዷ ልጆቿን ቀብራ፣ ሌላዋ ልጇን ትታ የወጡ ሁለት ሴቶች ናቸው እንግዲህ የተገናኙት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ሞት አልተለያዩም ማለት ይቻላል፤ ስደት ቢለያያቸው እንኳ ተፈላልገው ይገናኙ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ተገቢ ነው። የዘመኑ ሰዎች የእኅተ ክርስቶስን ውሳኔ እንደ ቅድስና ቆጥረውታል። እናቷን ያጣችው ሕፃን ግን እንዴት አድጋ ይሆን? ለቤተሰብ የምንሳሳ አንባቢዎች ይህን ሳንጠይቅ ልናልፍ አንችልም። የእምነት ጽናትን ማድነቅና የልጅን ናፍቆት ማሰብ አይጣሉም፤ ሁለቱንም በአንድ ልብ መያዝ ይቻላል።

በንጉሥ ፊት

በ1621 አፄ ሱስንዮስ የቀደመውን የተዋሕዶ ትምህርት ከለከሉ። ወለተ ጴጥሮስ ዝም አላለችም። የአባቶቻችሁን እምነት አትተዉ እያለች በየመንደሩ ታስተምር ነበር፤ ንጉሡን እንኳ በስም ከመንቀፍ አልተመለሰችም። ተይዛ ሸንጎ ፊት ቀረበች። ቅጣቱ ሞት ሊሆን ይችል ነበር።

በዚያች ሰዓት ስለ ሕይወቷ የለመነላት ማን ይመስላችኋል? መልክአ ክርስቶስ። ለእሷ ሲል መንደር ያጠፋው፣ ሁለት ጊዜ ትታው የሄደችው ባሏ ንጉሡን ተማጽኖ ከሞት አስጣላት፤ ከወንድሟ ቤት እንድትቀመጥም አስፈቀደላት። ሰው አንድ ገጽ ብቻ የለውም። ገድሉ ይህን ሰው የእምነት ጠላት አድርጎ ቢያቀርበውም ይህን ውለታውን አልሰረዘበትም።

ወንድሟ ቤት ግን ብዙ አልቆየችም። ወደ ሰሜን፣ ወደ ዋልድባና ጸለምት ሄዳ ማስተማሯን ቀጠለች። እንደገና ተያዘች። በዚህ ጊዜ የተላኩባት በ1625 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ራሳቸው ናቸው። ሮም የቅዱስ ጴጥሮስን መንበር ተቀበሉ ትላለች፤ የምትከራከራቸው ሴት ስሟ ራሱ የጴጥሮስ ልጅ ማለት ነው። ሊቁ ፓትርያርክ ሊያሳምኗት አልቻሉም።

ንጉሡም ለሦስት ዓመት ወደ ዠበይ እንድትጋዝ ፈረዱባት። ዠበይ ወደ ሱዳን ወሰን የሚገኝ ቆላ ነው። ለደገኛ ወይዘሮ ሙቀቱም በሽታውም ሌላ ቅጣት ነው።

ግዞቱ ቤት ሆነ

ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ንጉሡ ያላሰቡት ነው። ሰው ወደማይደርስበት ቦታ የተጋዘችውን ሴት ሰው ተከትሏት ሄደ። ከአዲሱ ሃይማኖት የሸሹ ወንዶችና ሴቶች በዙሪያዋ ተሰባሰቡ። በ1627 ገደማ የመጀመሪያው ማኅበሯ በዚያው በግዞት ቦታዋ ተመሠረተ። መከራ ይሆናት ዘንድ የታሰበው ስፍራ ለሌሎች ስደተኞች መጠለያ ሆነ።

ከግዞት ስትመለስ በጣና ዙሪያ ሌሎች ስድስት ማኅበራትን አከታትላ መሠረተች። ጨንቋ፣ ምጽሌ፣ ዘጌ፣ ደምቦዛ፣ አፈር ፈረስና ዘምቦል ይባላሉ። በሽታ ሲገባ ወይም አሳዳጅ ሲመጣ ከቦታ ቦታ ይዛወራሉ። ትናንት ገረዶች ያገለግሏት የነበረችው እመቤት ከሌሎቹ ጋር እኩል የጉልበት ሥራ ትሠራ ነበር። መሪዎቹም እሷና እኅተ ክርስቶስ ናቸው፤ በላያቸው የሚያዝዝ ወንድ አለቃ አልነበረም።

በ1632፣ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ አፄ ሱስንዮስ ሕዝቡ ወደ ቀደመ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ፈቀዱ። ልጃቸው አፄ ፋሲለደስ ነገሡ። ወለተ ጴጥሮስ ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ኖራ፣ ለሦስት ወር ታማ፣ በኅዳር 1642 በ50 ዓመቷ አረፈች። ማኅበሩን እኅተ ክርስቶስ ተረክባ እስከ ዕለተ ሞቷ፣ እስከ 1649 ድረስ መራችው። በቀጣዩ ዓመት አፄ ፋሲለደስ በጣና ዳር በቆራጣ ለወለተ ጴጥሮስ መታሰቢያ ገዳም የሚሆን መሬት ሰጡ።

አሳዳጁም ሲሰደድ

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ይለን ይሆናል። ነገር ግን በዚያ ዘመን የስደት ጽዋ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ነበር።

ጀስዊቶቹ ራሳቸው ከምርኮ የራቁ ሰዎች አልነበሩም። ፔድሮ ፓኤዝ ወደ ኢትዮጵያ ሊመጣ ሲል በ1589 በባሕር ላይ ተማርኮ በየመን ሰባት ዓመት ያህል ታስሯል። አፄ ፋሲለደስ ሚሲዮናውያኑን ከአገር ሲያስወጡ ደግሞ ተራው የፓትርያርክ ሜንዴዝ ሆነ። እሳቸውና ባልንጀሮቻቸው በቀይ ባሕር ዳርቻ በቱርኮች እጅ ወደቁ፤ የሚለቀቁትም ቤዛ ሲከፈልላቸው ነበር። ከእነሱ አንዱ ጄሮኒሞ ሎቦ ያን ሽሽትና እንግልት በመጽሐፍ ጽፎታል። አገር ውስጥ ተደብቀው ከቀሩት መካከልም የተገደሉ አሉ።

የገላውዴዎስን ገድልና የሎቦን ጉዞ ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት አንድ ዓይነት ነገር ነው። ሌሊት መውጣት፣ መንገድ መሪ መፈለግ፣ በማያውቁት ሰው ደጃፍ መቆም። ሃይማኖታቸው ይለያያል፤ ፍርሃታቸው ግን አንድ ነው። እምነትን በግድ ማስለወጥ መጨረሻው ሁሉንም በየተራ ስደተኛ ማድረግ እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

በሩን የከፈቱት

ወለተ ጴጥሮስ ብቻዋን አላመለጠችም። በሌሊት አብረዋት የወጡ ገረዶች ነበሩ። መንገድ የመሯት መነኮሳት ነበሩ። ባለሥልጣን እንደሚፈልጋት እያወቁ ያስጠለሏት ባላገሮች ነበሩ። እስከ ቆላ ድረስ የተከተሏት ነበሩ። ጠላቷ በመሰለበት ሰዓት ስለ ነፍሷ የለመነ ባልም ነበር። የብዙዎቹን ስም አናውቅም፤ እነሱ በራቸውን ባይከፍቱ ግን የእሷንም ስም አናውቀውም ነበር።

ልጆቻችን የዚያን ዘመን ታሪክ በትምህርት ቤት ሲማሩ የሚያጠኑት የነገሥታቱን ስምና የጦርነቱን ዓመት ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ቡና ተፈልቶ ሲሰበሰቡ ይህንን ልናጫውታቸው እንችላለን። በአንድ ወቅት አንዲት እመቤት ከቤቷ ሸሸች፤ በእሷ ምክንያት ሰዎች መጎዳታቸውን ስትሰማ ደግሞ ወደሸሸችው ቤት ተመለሰች። ከዚያም አንድ ጥያቄ እንጠይቃቸው፤ ያቺ ሴት በሌሊት የእኛን በር ብታንኳኳ ኖሮ እንከፍትላት ነበር?