ምጥ ሲታገስ ለጽንሱ ደም ይበቃዋል?

ልደታ ማለት «ልደቷ» ማለት ነው፤ ግንቦት 1 ቀን የሚከበረው የማርያም ልደት ስም። ይህን ስም በያዘው የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ ቀንም ሌሊትም ሕፃናት ይወለዳሉ። ምጥ የያዛትን ሴት «ማርያም ትቅረብሽ» ብሎ ማጽናናት ነባር ልማዳችን ነው። ሕክምናው ደግሞ ኤፒዱራል የተባለ የምጥ ማስታገሻ አለው። ስለ እርሱ የሰማች እናት «ልጄን አይጎዳብኝም?» ብላ ብትጠይቅ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ የሚገኘው ማህፀን ደም በሚያገኝበት መንገድ ላይ ነው።

መውለጃ ሲቃረብ በየደቂቃው ከ500 እስከ 700 ሚሊ ሊትር ደም ወደ ማህፀን ይፈስሳል፤ ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አሥረኛ ያህሉ መሆኑ ነው። የደም ግፊት ሲወርድ አንጎልና ኩላሊት ሥሮቻቸውን አስፍተው ድርሻቸውን ያስጠብቃሉ። የማህፀን ሥሮች ግን በእርግዝናው የሚችሉትን ያህል ሰፍተው ስላለቁ ይህ አቅም የላቸውም። የእናቲቱ ግፊት ሲወርድ የጽንሱም ድርሻ አብሮ ይቀንሳል።

ኤፒዱራል በወገብ በኩል፣ የሕብለ ሰረሰር ሽፋን ሳይበሳ፣ በቀጭን ቱቦ የሚሰጥ ማደንዘዣ ነው። ከሕመም ነርቮች ጋር የደም ሥሮችን አጥብበው የሚይዙትንም ነርቮች ያደነዝዛል። ያኔ የእግር ሥሮች ይሰፋሉ፣ ደም እዚያ ይጠራቀማል፣ ግፊትም ሊወርድ ይችላል። ስጋቱ ይህ ነው።

ሕመሙም ቢሆን ለጽንሱ አይራራም። ከባድ ምጥ አድሬናሊንን ያበዛል፤ እርሱም የማህፀንን ሥሮች ያጠብባል። እናቲቱ ቶሎ ቶሎ ስትተነፍስ በደሟ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ሥሮቹ ይብሱን ይጠብባሉ፣ ደሟም ኦክስጅን ለጽንሱ በቀላሉ አይለቅም። ኤፒዱራል ይህን ያረግበዋል። በእርግዝና ምክንያት ግፊታቸው ከፍ ባለ እናቶች ላይ እንዲያውም የማህፀን የደም ፍሰት ሊሻሻል ይችላል።

ስለዚህ ወሳኙ ጥበቃው ነው። መድኃኒቱ በአነስተኛ መጠን ይሰጣል። ማህፀኑ ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቅ ሥር እንዳይጫን እናቲቱ በጎኗ ትተኛለች። ግፊቷ በየጥቂት ደቂቃው ይለካል፤ ከወረደ በደም ሥር ፈሳሽና ግፊት የሚያነሳ መድኃኒት ይሰጣታል። የጽንሱም የልብ ምት ይደመጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ጤነኛ ነፍሰ ጡር ማስታገሻ ከጠየቀች ኤፒዱራል እንዲሰጣት መክሯል። በአገራችን አገልግሎቱ ገና ለብዙ እናቶች አልደረሰም። ሲደርስ መርፌው ብቻውን አይምጣ፤ የሠለጠነ የማደንዘዣ ባለሙያ፣ የግፊት መለኪያና ከአጠገቧ የማትለይ አዋላጅ አብረው ይምጡ። ጽንሱ የሚኖረው በእናቱ የደም ግፊት ነውና።