ቀኝ ዙር፣ ግራ ዙር፦ የፀሐይ ማይክሮዌቭ ፍንዳታ ከአሶሳ ሰማይ ሥር

የአሜሪካዎቹ ናሳና ኖኣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ፀሐይ በ25ኛው ዑደቷ ጣሪያ ላይ መድረሷን ካሳወቁ ወዲህ የፀሐይ ማዕበል የብዙ ሰው ወሬ ሆኗል። ወሬው ግን ስለ ጉልበቱ ብቻ ነው። ሞገዱ በየት በኩል እየዞረ እንደሚመጣ የሚጠይቅ እምብዛም የለም፤ እኔን የሚያጓጓኝ ደግሞ እሱ ነው።

አሶሳ ላይ ዲሽ የሚያስተካክል ልጅ ፖላራይዜሽንን፣ ማለትም ሞገዱ የሚወዛወዝበትን አቅጣጫ፣ በእጁ ያውቀዋል። ሪሲቨሩ ላይ «ኤች» (አግድም) ወይም «ቪ» (ቁም) ይሞላል፤ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የዲሹን መቀበያ ራስ፣ ኤልኤንቢውን፣ ትንሽ ሲያዞረው የጥራቱ መስመር ከፍ ይላል። በመጋቢትና በመስከረም ፀሐይ ከሳተላይቱ ጀርባ ስታልፍ ግን ቢያዞረውም አይረዳውም። የሰከነችው ፀሐይ ከሙቀቷ የምትረጨው ጫጫታ ለኤችም ለቪም እኩል ስለሆነ ምስሉ ለጥቂት ደቂቃ ይጠፋል።

ፍንዳታ ሲሆን ነገሩ ይለያል። በፀሐይ ገጽ ላይ ባሉት ጥቁር ነጠብጣቦች ማግኔታዊ መስክ ዙሪያ የሚሽከረከሩ ፈጣን ኤሌክትሮኖች የሚለቁት ሞገድ ራሱ ቀኝ ወይም ግራ እየዞረ ይመጣል። የነጠብጣቦች የሬዲዮ ሞገድ እንደሚዞር የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። የጃፓኑ የኖቤያማ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 2020 በ17 ጊጋኸርዝ ሁለቱን ዙሮች እየለየ ፀሐይን ሲቀርጽ ኖሯል፤ የቻይናና የሳይቤሪያ ጣቢያዎችም አሉ። በብዙ ፍንዳታ መስኩ ወደ እኛ ካመለከተ ቀኝ ዙር፣ ከእኛ ከራቀ ግራ ዙር ይበዛል። ይሁንና ሞገዱ በመንገዱ አግድም የተዘረጋ መስክ ሲያቋርጥ ዙሩ ሊገለበጥ ይችላል። ተመራማሪው ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1960 እንዳሳየው መገልበጡ በፍሪኩዌንሲው ይወሰናል፤ ስለዚህ አንዱ ፍንዳታ በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ግራ፣ በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ቀኝ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ግራ ያጋባል፤ ግን የኮሮናን (የፀሐይን የውጭ ከባቢ አየር) መስክ ለመለካት ከዚህ የተሻለ ፍንጭ ከየት ይገኛል?

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 6 ቀን 2006 በ1.4 ጊጋኸርዝ 1 ሚሊዮን የፀሐይ ፍለክስ ዩኒት (የፀሐይ ሬዲዮ ሞገድ ብርታት መለኪያ) ገደማ የደረሰው ፍንዳታ ቀኝ ዙር ነበር። የጂፒኤስ አንቴና የሚሠራውም ቀኝ ዙርን እንዲቀበል ነው፤ በሩ ተከፍቶ ጠበቀው። ቀን በነበረባቸው አገሮች ተቀባዮች ታወኩ፤ እኛ ዘንድ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ስለነበር ተረፍን።

የመሬት ማግኔታዊ ወገብ አገራችን ላይ ስለሚያልፍ የባሕር ዳርም ሆነ የሌሎች ተመራማሪዎች ቀልባቸው ያለው ከፀሐይ ፍንዳታ ይልቅ አዮኖስፌር (በኤሌክትሪክ የተሞላው የላይኛው አየር) ላይ ነው፤ የአሶሳው የጂፒኤስ ጣቢያ መረጃም ለዚሁ ሲውል ቆይቷል። የአዮኖስፌሩ ረብሻ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የጂፒኤስ ሳተላይቶችን ምልክት እየመረጠ ያውካል። ፍንዳታ ግን በጠራራ ይመጣና ሁሉንም ባንዴ ያደክማል። አሶሳ ላይ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ አጋማሽ፣ ቀን 7 ሰዓት ሳይሞላ፣ ፀሐይ በቀጥታ ከአንቴናው አናት ላይ ትቆማለች፤ አንቴናው ደግሞ አጥርቶ የሚሰማው ወደ ላይ ነው። ያኔ ግራ ዙር ፍንዳታ ቢመጣ መዝገቡ ላይ ብዙም አሻራ አይተውም።