«ኦርጅናል ፓራውልት»፦ የጋራዥ ቃላት በመዝገበ ቃላትና በትርጉም ሥራ

የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ለአንድ ዕቃ የአማርኛ ስም ሲፈልግ በመጀመሪያ የሚመለከተው የተጻፈውን ነው። ስለ ተሽከርካሪ ክፍሎች ግን በአማርኛ የተጻፈው ጥቂት፣ የሚነገረው ብዙ ነው። ቃሉ የሚገኘው በመጽሐፍ ሳይሆን በጋራዥ ነው። በዚህ ጽሑፍ የአንዲት ዕቃን ስም፣ ማለትም ከመኪና ፊትና ኋላ ግጭትን ለመመከት የሚታሰረውን «ፓራውልት»፣ መነሻ አድርገን ሁለት ነገሮችን ለማሳየት እንሞክራለን፤ አንደኛ፣ አዲስ ስም መፍጠር የማያስፈልገው የት እንደ ሆነ፤ ሁለተኛ፣ በእርግጥ የሚያስፈልገው የት እንደ ሆነ።

፩. ቃላቱ የመጡበት መንገድ

ጣሊያን ደሴን የያዘው በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. ሲሆን ከተማዪቱ ከእጁ የወጣችው በሚያዝያ ወር 1933 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ መቀሌና ወደ አስመራ የሚያልፈው፣ እንዲሁም ከኮምቦልቻ ተገንጥሎ በባቲ አድርጎ ወደ አሰብ የሚወርደው አውራ ጎዳና ተሠርቷል። በኋላም እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የአሰብ ወደብ ጭነት በዚሁ መንገድ ሲመላለስ ኖሯል። ከደሴ ከፍታ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ሜዳ ለሚወርድ ተሳቢ የያዘ የጭነት መኪና የ«ፍሬን»፣ የ«ካምቢዮ»ና የ«ባሌስትራ» ነገር የሕይወት ጉዳይ ነበር። ሹፌሩ፣ ረዳቱና መካኒኩ ከዕቃው ጋር ስሙንም ተቀበሉ።

ስሞቹ ዛሬ እንግዶች አይደሉም። «ፍሬን በጠሰ» የሚባለው ለመኪና ብቻ ሳይሆን ራሱን መግታት ላቃተው ሰውም ነው። «ኤንትሬ» የሚለው የጭነት መኪና ስም የፊያት 682 ኤን 3 መለያ ቁጥር በጣሊያንኛ ሲነበብ የተገኘ ነው። ከእነዚህ ጎን ለጎን የአገሩ ቋንቋ የወለዳቸውም አሉ፤ «መሪ»፣ «መለዋወጫ»፣ በአገር ውስጥ አካሉ ለተሠራ አውቶቡስ የሚሰጠው «ቅጥቅጥ»፣ እንዲሁም የሰዋስው ሊቃውንት ለሌላ ነገር የሚጠቀሙበት «ተሳቢ» ይጠቀሳሉ። ሁለቱም ወገን ያለ ማንም ትእዛዝ ጸንቷል።

፪. የድምፅ ሥርዐት

«ፓራውልት» ከጣሊያንኛው «ፓራኡርቲ» የመጣ ነው። «ፓራ» መመከትን፣ «ኡርቲ» ግጭቶችን ያመለክታሉ፤ «ፓራፋንጎ»ም በዚሁ ስልት ጭቃን የሚመክት ማለት ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ግን «ፓራ» ብቻውን ፍቺ የለውም፤ ስለሆነም በመዝገበ ቃላት ራሱን ችሎ ሊገባ አይገባውም።

ይበልጥ የሚያስተውሉት ነገር የ«ር» መለወጥ ነው። በመነሻው ቃል ውስጥ ሁለት «ር» ነበሩ፤ አማርኛው ሁለተኛውን «ል» አድርጎታል። ይህ የአንድ መካኒክ ስሕተት አይደለም። የጎማ ውስጠኛ ክፍል «ካላማዳሪ» የተባለው ከ«ካሜራ ዳሪያ» ሲሆን እዚያም ከሁለቱ «ር» አንዱ «ል» ሆኗል፤ በተጨማሪም «ል» እና «ም» ቦታ ተለዋውጠዋል። «ቸርኬ» ደግሞ «ቸርኪ» ከሚለው የብዙ ቁጥር የመጣ ሲሆን በአማርኛ አንድን ዕቃ ይጠራል፤ «ቸርኬዎች» ተብሎም ይበዛል። እንዲህ በሥርዐት የተለወጠ ቃል ባዕድ ተብሎ በ«ግጭት መከላከያ» ይተካ ቢባል፣ አንደኛ መካኒኩ አይቀበለውም፤ ሁለተኛ አዲሱ ስም የጣሊያንኛው ቀጥተኛ ትርጉም ከመሆን አያልፍም።

፫. «ኦርጅናል» ስንት ነው?

ችግሩ ያለው ከዕቃው ስም ላይ ሳይሆን ከቅጽሉ ላይ ነው። አሮጌ ቮልስዋገን፣ ፊያት 600 ወይም ፔጆ 404 የሚንከባከቡ ሰዎች ስለ መኪናቸው ሲከራከሩ «ይህ ፓራውልት ኦርጅናል ነው፤ አይደለም» ማለታቸው የተለመደ ነው። የአንድን ቃል ፍቺ ለመለየት ተቃራኒውን መጠየቅ የቆየ ዘዴ ነውና በዚህ ቃል ላይ ስንሞክረው ሦስት ተቃራኒዎች እናገኛለን።

ሀ. በመለዋወጫ ገበያ ተቃራኒው «ፎርጅድ» ነው፤ «ኦርጅናል» ማለት የአምራቹ ሥሪት ማለት ነው።
ለ. በአፍቃሪዎቹ ዘንድ ተቃራኒው «የተቀየረ» ነው፤ «ኦርጅናል» ማለት መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ አብሮት የወጣ ማለት ነው።
ሐ. በላሜራ ሠሪው ዘንድ ተቃራኒው «ተቀጥቅጦ የተሠራ» ነው፤ «ኦርጅናል» ማለት በእጅ ያልተሠራ ማለት ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። የቮልስዋገን ቢትል መከላከያ እስከ 1967 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ድረስ ጠርዙ ክብ ሆኖ ቀንድ መሰል መቆሚያዎች ነበሩት፤ ለአሜሪካ ገበያ በሚላከው ላይ ደግሞ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከቀንዶቹ በላይ የተዘረጋ ቧንቧ ይጨመርበት ነበር። ከነሐሴ 1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዋና ዋናዎቹ ዓይነቶች ላይ ቀጥ ያለ፣ ከፍ ብሎ የሚታሰር መከላከያ ተተካ፤ ዝቅተኛው የ1200 ዓይነት ግን አሮጌውን ይዞ ለተወሰኑ ዓመታት ቀጥሏል። እንግዲህ በ1965 እ.ኤ.አ. በተሠራ መኪና ላይ ፋብሪካው ራሱ የሠራው አዲሱ መከላከያ ቢታሰር፣ በ«ሀ» ፍቺ ኦርጅናል ነው፤ በ«ለ» ፍቺ አይደለም። የኮምቦልቻ ላሜራ ሠሪ አሮጌውን ቅርጽ አስመስሎ ቢሠራለት ደግሞ ለዓይን ትክክል ይሆናል፤ በሦስቱም ፍቺዎች ግን ኦርጅናል አይባልም። ተከራካሪዎቹ ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ የሚናገሩት ግን ስለ አንድ ነገር አይደለም።

ይህ የጨዋታ ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልዘገብነው ነበር። የሽያጭ ውል «ፓራውልቱ ኦርጅናል ነው» ብሎ ቢጽፍ፣ ወይም የመድን ውል «በኦርጅናል ዕቃ ይተካል» ቢል፣ ገዢውና ሻጩ፣ መድን ሰጪውና ባለንብረቱ በየፊናቸው የሚያነቡት የተለየ ግዴታ ነው። በመካከላቸው ያለው ተርጓሚ ነው።

፬. «ፉል ኦፕሽን» እና አማራጭ

ተመሳሳይ ነገር በ«ኦፕሽን» ላይ ደርሷል። በፋብሪካ ቋንቋ ይህ ቃል ለሁሉም መኪና የማይሰጥ፣ ገዢው መርጦ ተጨማሪ ዋጋ ከፍሎ የሚያሳስረውን ዕቃ ያመለክታል። በእኛ ገበያ ግን «ፉል ኦፕሽን» ማለት ምንም ያልጎደለው ማለት ሆኗል፤ ምርጫ የሚለው ሐሳብ ከቃሉ ወጥቷል። በዚህ ላይ ከሽያጭ በኋላ በ«ዲኮር» ቤት የሚጨመረውም በዚሁ ስም ይጠራል።

፭. ሐሳባችን

እንግዲህ የስያሜ ሥራ መዋል ያለበት ልዩነቱ በጠፋበት ቦታ ነው። ለተርጓሚዎች የሚከተሉትን እናቀርባለን፦

ነባር ዕቃ — ከመኪናው ጋር ከፋብሪካ የወጣ።
የአምራቹ ሥሪት — አምራቹ የሠራው፣ መቼም ይታሰር።
በነባሩ ቅድ የተሠራ — ሌላ እጅ አስመስሎ የሠራው።
መደበኛ ዕቃ — ለዓይነቱ ሁሉ የሚሰጥ።
የፋብሪካ አማራጭ — ገዢው መርጦ በፋብሪካ ያሳሰረው።
ጭማሪ — ከሽያጭ በኋላ የታሰረ።

«አማራጭ» ብቻውን ምትክ የሚል ፍቺም ስላለው፣ በውል ውስጥ «የፋብሪካ» የሚለው ቃል እንዳይቀርበት እናሳስባለን። የዕቃው ስም ግን በሕዝቡ አነጋገር ይግባ፦

ፓራውልት፣ ስም። (ከጣሊያንኛ) በተሽከርካሪ ፊትና ኋላ የሚታሰር፣ ቀላል ግጭትን የሚመክት አግዳሚ። ብዙ ቁጥር፦ ፓራውልቶች። በወጣቶች አነጋገር፦ ባምፐር።

ሥራው ጊዜ አይሰጥም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ወስኗል፤ በኤሌክትሪክ የሚሄደው መኪና «ካንዴላ»ም «ማርሚታ»ም የለውም። ዕቃው ሲቀር ስሙ ከሚያውቁት አረጋውያን ጋር ይቀራል። በደሴና በኮምቦልቻ ጋራዦች ያሉ አንጋፋ ባለሙያዎች ዘንድ ቀርቦ ቃላቱን ከነአነጋገራቸውና ከነተቃራኒዎቻቸው መመዝገብ፣ አዲስ ስም ከማውጣት የሚቀድም ተግባር ነው።