ሂሳቡን ማን ይጠይቃል?

ገበሬዎች ሆይ! ከማኅበራችሁ እንጀምር። ገንዘብ ያዡ ለማዳበሪያ መግዣ መዋጮ ሰበሰበ እንበል። የዘር ጊዜ ደረሰ፤ ማዳበሪያው ግን ጎደለ። ዝም ትላላችሁ? አትሉም። የቁጥጥር ኮሚቴው «ደረሰኙን አምጣ፣ መዝገቡን ግለጥ» ይለዋል። ጠቅላላ ጉባዔውም ተቀምጦ ይሰማል። ይህ ጥል አይደለም፤ ቁጥጥር ነው።

የአገርም ነገር እንዲሁ ነው። ከሱቅ ቆርቆሮ ስትገዙ ከዋጋው ጋር ለመንግሥት የሚገባ ታክስ ትከፍላላችሁ። ይህ ብር ለታለመለት ሥራ መዋሉን የሚጠይቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው።

በአገራችን ምክር ቤት የመጣው በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነው። ያኔ ገበሬው መራጭ አልነበረም። ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ተብሎ፣ እንደራሴዎቹን መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ይመርጡ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ እንዲመርጥ ፈቀደ፤ ንብረት የሌለው ግን ሊመረጥ አይችልም ነበር። በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት አባላቱን ሕዝቡ በየ5 ዓመቱ እንዲመርጥ ደነገገ። ቁጥራቸውም ከ550 አይበልጥም።

ምክር ቤቱ መንግሥትን የሚቆጣጠረው በምንድን ነው?

1ኛ/ በጀት ያጸድቃል። በጀት ማለት የዓመቱ የገቢና የወጪ ዕቅድ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው።

2ኛ/ ይጠይቃል። ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሆነ ሌላውን የፌዴራል ባለሥልጣን ጠርቶ ይጠይቃል፤ አሠራራቸውንም ይመረምራል።

3ኛ/ ሂሳብ ያስመረምራል። ዋናው ኦዲተር የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሂሳብ አገላብጦ ለምክር ቤቱ ሪፖርት ያቀርባል።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ሲባል ሰምታችኋል። ይህ ተረት የወጣው ሹም ጠያቂ ባልነበረው ጊዜ ነው። ጠያቂ ካለ ሹሙ እጁን ይሰበስባል።

ነገር ግን ሥልጣኑ በወረቀት መስፈሩ ብቻ አይበቃም። መንግሥት የሚመሠርተው በምክር ቤቱ አብላጫ መቀመጫ ያገኘው ወገን ነው። ስለዚህ ተመራጩ «የራሴን ሰዎች እንዴት ልጠይቅ?» ብሎ ሊያፍር ይችላል። ሕጉ ግን ተመራጩ የሚገዛው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለህሊናው ነው ይላል። የመረጠው ሕዝብ እምነት ካጣበት፣ በሕግ መሠረት ከወንበሩ ሊያነሳው ይችላል።

እንግዲህ የመጨረሻው ጠያቂ ማነው? እናንተ ናችሁ። ትናንት ባላነበባችሁት ወረቀት ላይ በአውራ ጣታችሁ ትፈርሙ ነበር። ዛሬ ፊደል ለይታችኋል። ከእንግዲህ ሳታነቡ አትፈርሙ፤ ሳትጠይቁም አትመለሱ።

ተወያዩበት፦
ሀ/ የማኅበራችሁ ሂሳብ በጉባዔ ፊት የተነበበው መቼ ነው?
ለ/ ለምክር ቤት የመረጣችሁት ሰው ማነው? ምን ጠየቀላችሁ?